የኮርኒሱ ከዋክብት አልጠራ አሉኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፤ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ክረምቱ ገብቶ ሰማዩ በደመና ሲዘጋ፣ ከዋክብትን ቤት ውስጥ የሚያሳይ ፕሮጀክተር ለልጄ ገዛሁ። መብራት አጥፍተን ወደ ኮርኒሱ አበራነው። መሃሉ ጥርት ብሏል። ዳር ዳሩ ግን ውሃ የነካው ቀለም ይመስል ተድበስብሷል። የፎከሱን ቀለበት ሳዞር ደግሞ ዳሩ ይጠራና መሃሉ ይደበዝዛል። ኮርኒሳችን አቡጀዲ ነው፤ መሃሉ ትንሽ ረገብ ብሏል። ጥፋቱ የእሱ ነው ወይስ የሌንሱ? ነጭ ግድግዳ ላይ ባበራው ይሻል ይሆን?

ሌላም አለ። ፕሮጀክተሩ ውስጥ የሚገባው፣ የከዋክብቱ ምስል ያለበት ዲስክ የሰሜኑን ሰማይ ብቻ ነው የሚያሳየው። በግንቦት ማታ ከደጃችን በደቡብ በኩል ዝቅ ብሎ የምናየው የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብ የለበትም። ልጄ «ይሄ የኛ ሰማይ አይደለም» ብሎ አኩርፏል (እውነቱን ነው)። የደቡቡ ዲስክ ለብቻው ይሸጣል? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።