ተዋናይን ለኦዲሽን የሚያዘጋጅ አገናኝ ቀድሞ ብር ይቀበል? የጅማ ተዋንያን ክርክር

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን ሲያነታርከን የከረመውን ጉዳይ እዚሁ አውጥተን እንጨርሰው። ጅማ ያለ ተዋናይን ለኦዲሽን፣ ማለትም ለሚና መምረጫ ፈተና የሚያዘጋጅ፣ ቪዲዮ የሚቀርጽለትና አዲስ አበባ ላሉ ካስቲንግ ዳይሬክተሮች (ለየሚናው ተዋናይ ለሚመርጡት) የሚያስተላልፍለት ሰው፣ ገና ሥራ ሳይገኝ «የምዝገባ» ብሎ ብር ይቀበል ወይስ አይቀበል? ለተዋንያን ክበቦቻችን የጋራ ደንብ አንድ አንቀጽ ልናረቅ ስለሆነ ነው። የግለሰብም የድርጅትም ስም አይጠራ። ቁጥር የሚጠቅስ ሰው ስሌቱን ያሳይ።

የቆጪው አሠልጣኝ፦ እኔ ይቀበል ባይ ነኝ። ከዚህ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሁለት ደቂቃ ፈተና የሚሄድ ልጅ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ቢያንስ የአንድ ሌሊት አልጋ፣ ምግብና ሁለት የሥራ ቀን ያወጣል። እዚሁ ተዘጋጅቶ ቢቀረጽ ይሄ ሁሉ ይቀርለታል።

ዝግጅቱ ግን የዋዛ አይደለም። ሁለት ገጽ ስክሪፕት ማታ ይላካል፣ ቪዲዮው በማግስቱ እኩለ ቀን ይፈለጋል። አሠልጣኙ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ገጸ ባሕርይው ከፊቱ ካለው ሰው ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚይዘው፣ የቱ መስመር ላይ ሐሳቡን እንደሚቀይር ያስለየዋል። ከዚያ ቃሉ ያለ ቅላጼ ይጠናል። በአንድ ቅላጼ ሸምድዶ የመጣ ልጅ «አሁን ደግሞ እየሳቅክ በለው» ሲባል ያው የለመደው ዜማ ነው የሚወጣው፤ ዳይሬክተሩም «ይሄ መመሪያ አይቀበልም» ብሎ ያልፈዋል። የክበብ ልጆቻችን ደግሞ መድረክ ላይ ያደጉ ናቸው። ድምፃቸውን ወደ መጨረሻው ወንበር መወርወር ለምደዋል፣ ካሜራው ያለው ግን ሁለት ሜትር ሳይሞላ ነው። ያንን ማውረድ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። ይሄን በነፃ ሥሩ ማለት አሠልጣኙን ከሙያው አስወጡት ማለት ነው።

ካሜራ ከኋላ፦ ጋሼ፣ ድካሙን ማን ካደ? የሠለጠነ ለሥልጠናው ይክፈል፣ የተቀረጸም ለቀረጻው ይክፈል። ጥያቄው «ምዝገባ» የሚባለው ምን ተሠርቶበት ነው የሚለው ነው።

ስሌቱን እንሥራ። 60 ልጅ በ1,500 ብር ቢመዘገብ 90,000 ብር ነው፤ አንድም ልጅ ካሜራ ፊት ሳይቆም። ያው አገናኝ ከሥራ ላይ 10 በመቶ ቢወስድና የአንድ ሚና ክፍያ 20,000 ብር ቢሆን የሚደርሰው 2,000 ነው። 90,000 ለመሙላት 45 ሚና ማስገኘት አለበት። ታዲያ የትኛው ላይ ይተጋል? መዝጋቢ ሰውዬው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ገቢው ያለው ምዝገባው ላይ ስለሆነ ሁሌም አዲስ ልጅ ፍለጋ ላይ ነው። የተመዘገበውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

የሄርማታ ልጅ፦ ልክ ነው አቦ። ግን ለቀረጻ ይክፈል ስትሉ ለምኑ ነው የምንከፍለው? ስልክ ሁላችንም አለን።

ካሜራ ከኋላ፦ ስልክ ይበቃል፤ አብዛኛው ቪዲዮ የሚበላሸው በስልኩ አይደለም። ዘርዘር ላድርገው፣ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ይሄን ካላሟላ አትክፈሉ።

ስልኩ በአግድም ይያዝ፣ ሌንሱ ከዓይን እኩል ይሁን፣ በእጅ ሳይሆን በትራይፖድ። ትራይፖድ ከሌለ መጽሐፍ ደራርቦ ማቆም ይቻላል። ክፈፉ ከደረት በላይ ነው። ጀርባው ባዶ ግድግዳ፣ ቢቻል ግራጫ ወይም ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ በሉ፣ አለበለዚያ ጥላችሁ አብሯችሁ ይተውናል። ነጭ ሸሚዝና ነጭ ነጠላ ይቅር፤ ስልኩ ብርሃኑን በልብሱ ይለካና ፊታችሁን ያጠቁረዋል። ከመጀመራችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን ጫን ብላችሁ ያዙ፣ ፎከሱና የብርሃን መጠኑ ይቆለፋል። ካልተቆለፈ ጭንቅላት በተነቃነቀ ቁጥር ምስሉ አንዴ ይፈካል አንዴ ይጨልማል።

ብርሃን በመስኮት ፊት ለፊት ነው፣ መስኮቱን ጀርባ ማድረግ የለም። በአምፖል የምትቀርጹ ከሆነ አገራችን ላይ መብራቱ 50 ኸርዝ መሆኑን አትርሱ። ስልኩ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ሲቀርጽ በአንዳንድ ኤልኢዲና ፍሎረሰንት ሥር ምስሉ ላይ የሚንሸራተት ጥቁር መስመር የሚታየው ለዚህ ነው። 25 ፍሬም፣ ሹተሩ (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ሲሆን ይጠፋል።

ድምፅ ላይ ነው ጅማ የሚፈትነን። ክረምት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅረጽ ማለት ዝናቡን መቅረጽ ነው። ጠዋት ይቀረጽ፣ ባጃጅ ሳይበዛ። ሴራሚክ የለበሰ ባዶ ሳሎን ድምፁን ያስተጋባል፤ ከካሜራው ኋላና ከጎን ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ መስቀል ችግሩን በጣም ይቀንሰዋል። ሌላውን ገጸ ባሕርይ የሚያነብላችሁ ሰው ሌንሱ አጠገብ፣ ከዓይናችሁ እኩል ይቁም፣ እናንተም እሱን እዩት እንጂ ሌንሱን አትዩ። ለማይኩ የሚቀርበው እሱ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንብብ። የሌላ ሰው ድምፅ ጎልቶ የተዋናዩ ከሩቅ የሚሰማበት ቪዲዮ ሞልቷል።

ሁለት ቴክ (አንዱን ትዕይንት ሁለት ጊዜ ተውናችሁ የተቀረጸ) ይላክ፣ ከዚያ አይብለጥ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በፍላጎት ይለይ፣ በጩኸት መጠን አይደለም። በመጀመሪያው ይቅርታ እየለመነ ከሆነ በሁለተኛው እያስፈራራ ይበለው። መጨረሻ ላይ ስም፣ ቁመት፣ ያላችሁበት ከተማ፣ የግራና የቀኝ ጎን፣ ሙሉ ቁመና። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩ፣ በቪዲዮ መልክ ከሄደ ጨምቆ ጥራቱን ያወርደዋል። የፋይሉ ስም ላይ ስማችሁና የገጸ ባሕርይው ስም ይኑር።

የሄርማታ ልጅ፦ ይሄንማ ሰብስቤ አስቀመጥኩት። ለዚህ የሚከፍል ሰው ቢያንስ ፋይሉን በእጁ ይዞ ይሄዳል።

ረዳት ዳይሬክተር (አዲስ አበባ)፦ ከወዲያ በኩል ያለውን ልንገራችሁ። እዚህ አገር በብዙ ፕሮዳክሽን ራሱን የቻለ ካስቲንግ ዳይሬክተር የለም፤ ሥራውን ረዳት ዳይሬክተሩ ወይም ፕሮዳክሽን ማናጀሩ ደርቦ ይሠራዋል። ስለዚህ «ካስቲንግ ዳይሬክተር አውቃለሁ» የሚላችሁን ሰው የየትኛው ፕሮዳክሽን፣ ለየትኛው ሚና፣ ቀረጻው መቼ እንደሚጀምር ጠይቁት። ሦስቱንም ካልመለሰ የያዘው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

የጅምላ ፎቶ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። 40 ፎቶ በአንድ አልበም፣ ግማሹ በፊልተር የነጣ፣ ዕድሜ የለው፣ ቁመት የለው፤ ማንም አይከፍተውም። የምንፈልገው ለአንድ ሚና ሦስት አራት የተመረጠ ሰው ነው። አገናኝ ዋጋ የሚኖረው «ይሄኛው ለዚህ ሚና አይሆንም» ብሎ ሲያስቀር ነው። ከመዘገበው ልጅ ሁሉ ብር የተቀበለ ሰው ደግሞ ማንን ሊያስቀር ይችላል? ሁሉንም ይልካል፣ በሁለተኛው ሳምንት መልእክቱን ማየት እናቆማለን፣ ከመሀል የነበረው ጎበዝ ልጅም አብሮ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቋንቋ ላይ አትዋሹ። አፋን ኦሮሞና አማርኛ እኩል የሚተውን ሰው በጣም ተፈላጊ ነው፣ ጅማ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አታጣም። «እሰማለሁ» እና «እተውንበታለሁ» ግን ለየብቻ ይጻፉ።

ጠበቃው፦ ወደ ሕጉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝን ሲተረጉም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ብሎ ነው። ኢትዮጵያ በ1999 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነትም አንቀጽ 7 ላይ ያንኑ ይላል። እስከዚህ ድረስ ለተቃዋሚዎች ወገን ነው።

አሁን ደግሞ ለጋሼ። አዋጁ በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ ሥራ የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። ለአንድ ፊልም የተዋዋለ ተዋናይ ሠራተኛ ነው ወይስ በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ባለሙያ የሚለው በውሉ ይዘት የሚታይ እንጂ እንዲሁ የተዘጋ ጥያቄ አይደለም። ስምምነቱም ቢሆን ለተወሰኑ የሠራተኛ ዓይነቶች፣ ለእነሱ ጥቅም ሲባል፣ የሚመለከተው የመንግሥት አካል ከአሠሪና ከሠራተኛ ድርጅቶች ጋር ተመካክሮ ክፍያ ሊፈቅድ ይችላል ይላል። ስለዚህ «ሕገወጥ ነው፣ አለቀ» የሚለውን አልደግፍም። «ሕጉ አይነካንም» የሚለውንም እንደዚያው።

የውጭውን ካነሣን፣ በካሊፎርኒያ በ2009 ወጥቶ በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለ ሕግ የተዋናይ ወኪል ቅድሚያ ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። እዚያ ወኪል የሚበላው ልጁ ሲበላ ነው፣ የተለመደው 10 በመቶ።

የቆጪው አሠልጣኝ፦ ካሊፎርኒያ ሌላ፣ ጅማ ሌላ። እዚያ ውል ይከበራል። እዚህ ልጁ ሥራ ካገኘ በኋላ ስልኩን አያነሣም፣ 10 በመቶውን ከማን ልቀበል ነው? አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ከሚኖር ልጅ? ቅድሚያ ክፍያን የወለደው ይሄ ነው። ሌላ መንገድ ግን አለ። ካስቲንግ ዳይሬክተሩን ጅማ እንጋብዘው፣ የአንድ ቀን ወርክሾፕ ይስጥ፣ ልጆቹ ለወርክሾፑ ይክፈሉ። ሥልጠናም ትውውቅም በአንድ ቀን።

ጠበቃው፦ እሱ የባሰ ነው፣ ጋሼ። በ2017 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ከተማ ዐቃቤ ሕግ አምስት ወርክሾፖች ላይ ክስ የመሠረተው በዚሁ ነው፤ በሥልጠና ስም ለኦዲሽን ማስከፈል። አሠልጣኙ ቀጣሪ ከሆነ ተማሪው የሚከፍለው ለትምህርቱ ይሁን ለመታየቱ መለየት አይቻልም። ይጋበዝ፣ ግን በእጁ ክፍት ሚና ይዞ አይምጣ፣ ያንኑ ቀንም አይምረጥ። ውሉን በተመለከተ ደግሞ የሚከብድ ነገር የለም። ኮሚሽኑ በተዋናዩና በአገናኙ መካከል በጽሑፍ ይስፈር፣ ፕሮዳክሽኑ ድርሻውን ለይቶ በቀጥታ ለአገናኙ እንዲከፍል ተዋናዩ ፈርሞ ይስጥ። ስልክ ማንሣት አለማንሣት የሚባል ነገር አይኖርም።

ረዳት ዳይሬክተር (አዲስ አበባ)፦ ይቻላል። ቀረጻ ሳይጀመር ከደረሰን ክፍያው ሲዘጋጅ ለይተን እናወጣዋለን። ከተከፈለ በኋላ ቢመጣ ግን እጃችን የለበትም።

የጅሬኗ፦ ስለ ብር ብቻ አወራችሁ። ሴት ልጅ የምታጣው ብር ብቻ አይደለም። «ኦዲሽን» ተብሎ ማታ ሆቴል ክፍል የሚጠራ አለ። አንቀጹ ውስጥ ይግባ፤ ኦዲሽን በቀን፣ ቢሮ ወይም አዳራሽ፣ ቢያንስ ሁለት የፕሮዳክሽን ሰው ባለበት፣ ተፈታኟም የምታምነውን ሰው ይዛ የመሄድ መብት አላት። ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አይሆንም። ገላ የሚያሳይ ፎቶ «ለፖርትፎሊዮ» ብሎ የጠየቀ አገናኝ ወዲያው ይሰረዝ። ሌላው የቪዲዮው ጉዳይ ነው። ለአንድ ሚና የተቀረጸ ቪዲዮ የአገናኙ ቲክቶክ ላይ ማስታወቂያ ሆኖ ይገኛል። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝም፣ ማለትም እንደ ተዋናይ ያለ ሥራውን የሚያቀርብ ሰው፣ መብት አለው፣ ስለዚህ ሳያስፈርሙ መለጠፍ ይከልከል።

የቆጪው አሠልጣኝ፦ በዚህኛው አልከራከርም፣ እህቴ። እንደተባለው ይግባ።

አወያይ፦ እንግዲህ ረቂቁ ይሄ ነው። «አገናኝ የምዝገባ ክፍያ አይቀበልም። ለሥልጠናና ለቀረጻ የሚቀበለው ክፍያ በሰዓትና በተሰጠው አገልግሎት ተለይቶ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት ይሆናል፤ የተቀረጸው ፋይል ለተዋናዩ በዕለቱ ይሰጣል። ለማገናኘት የሚገባው ከተገኘው ሥራ ላይ ከ10 በመቶ ያልበለጠ፣ በጽሑፍ ውል ብቻ።» የጅሬኗ ያነሣችው የደኅንነትና የቪዲዮ ጉዳይ ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ ሆኖ እንዳለ ይገባል። ተቃውሞ ያለው?

የቆጪው አሠልጣኝ፦ ከ10 ወደ 15 ከፍ ይበል። እዚህ የሚና ክፍያ አነስተኛ ነው፤ ከ20,000 ላይ 2,000 የኢንተርኔትና የመመላለሻ እንጂ የማገናኛ አይሆንም።

ካሜራ ከኋላ፦ የሚና ክፍያ አነስተኛ መሆኑ ልጁንም ያው ይጎዳዋል። በ10 ይቆይ።

የሄርማታ ልጅ፦ 10ም ይሁን 15 እሺ፣ ግን እስከ መቼ? አንዴ ያገናኘኝ ሰው ያው ፕሮዳክሽን በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ደውሎ ቢጠራኝ ድርሻ ይጠይቃል?

ጠበቃው፦ ጥሩ ጥያቄ። ካልተጻፈ ይጠይቃል። «ለመጀመሪያው ሥራ ብቻ፤ ተከታታይ ድራማ ከሆነ ለመጀመሪያው ውል ዘመን» ተብሎ ይስፈር።

የቆጪው አሠልጣኝ፦ ለተከታታይ ድራማ አልስማማም። ምዕራፉ ሲታደስ የታደሰው እኔ ባስገባሁት ሰው ነው።

አወያይ፦ መቶኛውና የውል ዘመኑ ቅዳሜ በድምፅ ይለያሉ። የምዝገባ ክፍያው ላይ ግን የቀረ ተቃውሞ አላየሁም፣ ጋሼም ዝም ብለዋል። ረቂቁን በአፋን ኦሮሞም ዛሬ ማታ እለጥፈዋለሁ፤ ስታነቡት ሁለቱ ቅጂዎች የሚለያዩበት ቦታ ካለ መስመሩን ቆርጣችሁ ላኩልኝ።