ሒሳብ ለመሸሽ ብላ ሶሻል ትግባ?

የአራት ኪሎ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 10ኛ ክፍል ጨርሳለች። መስከረም ላይ ናቹራል ወይም ሶሻል መምረጥ አለባት። ጂኦግራፊ ነፍሷ ነው፤ አትላስ ከያዘች ለራት እንኳ አትነሳም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ኢኮኖሚክስ ማጥናት ታስባለች። አባቷ ግን «ናቹራል ካልገባች ሞቼ ነው ቆሜ» ብሏል። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሶሻልን የፈለገችው ከሒሳብ ለመገላገልም ጭምር ነው። የአሁኑን አሠራር የምታውቁ ምከሩኝ።

የስድስት ኪሎ ምሩቅ፦
እናቴ፣ ሶሻል ከሒሳብ አይገላግልም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ሶሻሎችም ይፈተኑታል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ (የማገናዘብ ችሎታ ፈተና)፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ፤ ስድስቱ ከ600 ይታረማሉ። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ያስታውሳሉ። እንዲህ ባለ ፈተና አንዱን ትምህርት መተው ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

እኔ ራሴ ኢኮኖሚክስ ነው ያጠናሁት። ገና ፍሬሽማን እያለን ለሶሻል ተማሪ የተዘጋጀ የሒሳብ ኮርስ ወሰድን። ዲፓርትመንት ስንገባ ካልኩለስ መጣ፣ ስታቲስቲክስ መጣ፣ ከዚያ ኢኮኖሜትሪክስ፤ ማለትም የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ መተንተን። ንድፈ ሐሳቡ በደንብ የገባቸው ጓደኞቼ እዚያ ላይ ሲቸገሩ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል። ይህን አሁኑኑ ይንገሯት፤ ግን አያስፈራሯት።

መምህር ነኝ፦
የአባትየውን ሐሳብም አንናቀው። ሕክምና፣ ኢንጂነሪንግ ወይም አርክቴክቸር የሚያምራት ከሆነ ናቹራል ግድ ነው። ከሶሻል ተነስቶ ጥቁር አንበሳ ሕክምና መማር አይቻልም። ስለዚህ ቁርጡን ይጠይቋት። እነዚህን ካልፈለገች ግን ሁለት ዓመት ፊዚክስና ኬሚስትሪ ላይ ለምን ትንገላታ? የምትወደው ጂኦግራፊም እኮ ናቹራል ከገባች ይቀርባታል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤቷን አባቷ ፊት ዘርግታችሁ ተነጋገሩ። የጎረቤት ልጅ ምን መረጠ የሚለውን ተዉት። ሒሳቡን ደግሞ በክረምት ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ትጀምር። ብዙ ጊዜ ተማሪ «ሒሳብ ጠላሁ» የሚለው ታች ክፍል ያመለጠው ነገር ስላለ ነው።

የአራት ኪሎ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ጠየቅኳት፤ ሕክምናም ኢንጂነሪንግም አትፈልግም። ኢኮኖሚክስ ሒሳብ እንዳለው ስነግራት ግን ዝም አለች። ቆይታ «ካስጠናችሁኝ እሞክራለሁ» አለችኝ። አባቷንም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አናግረዋለሁ። ሒሳብ በትዕግሥት የምታስረዳ አስጠኚ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ በእግሯ ደርሳ እንድትመለስ።