ለቤይሩቱ የዘገባ ጉዞ ገንዘብ ማሰባሰብ፦ ፊት ሳናሳይ እንዴት?

ሰላም ለሁላችሁ። ቤይሩት ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ለመዘገብ የጉዞ ወጪውን ኪክስታርተር በተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ መድረክ እያሰባሰብን ነው፤ ነገር ግን መሃል መንገድ ላይ ቆመናል።

ዋናው ችግር ፎቶ ነው። ለጋሾች «ሴቶቹን አሳዩን» ይላሉ። ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ግን የአንዲት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ቤቱን ጥላ ከወጣች ሕጋዊነቷን ታጣለች። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኛን አያካትትም። ፊቷን ብንሸፍንላት እንኳ የበረንዳው ብረት፣ የመጋረጃው አበባ ወይም በመስኮት የሚታየው ሕንፃ ማንነቷን ያሳብቃል። በፎቶው ፋይል ውስጥ የሚቀረውን ቦታ ጠቋሚ የጂፒኤስ መረጃማ እናጠፋዋለን፤ ቀላሉ እሱ ነው። እጅና ሻንጣ ብቻ ስናሳይ ደግሞ የዘመቻው ገጽ ይደርቃል። ቃላቸውን በሌላ ሰው ድምፅ አስነብቦ ያቀረበና የተሳካለት አለ?

ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ያስቀመጥነው የገንዘብ ግብ ካልሞላ ኪክስታርተር ምንም አይሰጥም። ከሞላም 5 በመቶ ለራሱ ይወስዳል፤ የካርድ ክፍያው ሲጨመርበት ከ10,000 ዶላር በእጅ የሚገባው 9,000 አካባቢ ነው። የዕረፍት ቀን ያላቸው ሴቶች በአብዛኛው የሚገኙት እሑድ ስለሆነ ቆይታው ቢያንስ ሦስት እሑዶችን መያዝ አለበት፤ የማደሪያ ወጪውን ያናረውም ይኸው ነው። ዘመቻው አንዴ ከተከፈተ ግቡን መቀነስ አይቻልም። ታዲያ ሰርዘን በዝቅተኛ ግብ እንደገና እንክፈት ወይስ በዚሁ እንግፋበት? እንደገና ከተከፈተ ቀድሞ ቃል የገቡት ለጋሾች ይመለሳሉ?