ራዳር ላይ የጠቆረ ሁሉ ጎርፍ ነው?

መምህርት ከሐዋሳ
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ለልጆቼ ቤይራን ላሳያቸው ፈልጌ የሳተላይት ምስል እያየሁ ነው። ኢዳይ የሚባለው አውሎ ነፋስ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ይህችን የሞዛምቢክ የወደብ ከተማ መትቷል። በሞዛምቢክ፣ በዚምባብዌና በማላዊ ከ1,000 በላይ ሰው ሞቷል። ልጆቹ ቁጥሩን ሸምድደው እንዲያልፉት አልፈልግም። ውሃው የት እንደተኛ በዓይናቸው ይዩት።

እንደ ካሜራ በብርሃን የሚያነሳው የአውሮፓ ሳተላይት፣ የሴንቲኔል 2፣ ምስል ደመና ብቻ ነው። በሬዲዮ ሞገድ የሚያየው የወንድሙ የሴንቲኔል 1 ራዳር ግን ጥርት ብሏል። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ፣ በፑንግዌና በቡዚ ወንዞች ዳር፣ ሰፊ ጥቁር ነገር ተዘርግቷል። ግን የአውሮፕላን መንደርደሪያውም ጥቁር ነው። በምን ልለየው?

ካርታ ሠሪው
መምህርት፣ ራዳር የራሱን ሞገድ ስለሚልክ ደመናም ሌሊትም አያግደውም። የሚልከው ግን ሰያፍ ነው። የረጋ ውሃ ላይ ሲያርፍ ወደ ማዶ ይነጥራል፣ ወደ ሳተላይቱ አይመለስም። ጥቁር የሚሆነው ለዚህ ነው። ልሙጥ አስፋልትም እንደዚያው።

ስለዚህ በአንድ ምስል አይፍረዱ። ሳተላይቱ ከአውሎ ነፋሱ በፊት በዚያው መስመር ሲያልፍ ያነሳውን ጎን ለጎን ያድርጉ። ድሮም ጥቁር የነበረው መንደርደሪያ፣ ወንዝ ወይም ባሕር ነው። አዲስ የጠቆረው አብዛኛው ጎርፍ ነው። ኮፐርኒከስ ብራውዘር በሚባለው የሳተላይት ምስሎች ድረ ገጽ ላይ በነፃ፣ ሳያወርዱ ማየት ይችላሉ። ቀኑ በፈረንጅ ስለሆነ ማርች 19 ቀን 2019 ብለው ይፈልጉ።

የሐይቅ ዳር
እህቴ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ሳይጠቁር የሚቀረው ጎርፍ ነው። ዛፍ መሃል የገባ ውሃ እንዲያውም ይነጣል። ሞገዱ ከውሃው ነጥሮ ግንዱን መትቶ ይመለሳላ! ቤት የተጠጋጋበት ሰፈርም ያሳስታል። ነፋስ ያናወጠው ውሃም ይነጣል። ጥቁሩን ብቻ ከቆጠርሽ ሜዳው ላይ የተኛውን ታገኛለሽ፣ ሰው የሚኖርበትን ግን ልትስቺ ትችያለሽ። እርዳታ የሚላከው በካርታ ከሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ለልጆቹ ሳትነግሪ እንዳታልፊ።

መምህርት ከሐዋሳ
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አደረግኳቸው፤ መንደርደሪያው በሁለቱም ላይ ጥቁር ነው፣ ቡዚ ዳር ያለው ሜዳ ግን በኋለኛው ብቻ። አሁን ልጆቹን ከጥቁር ውሃ ወንዝ ዳር ካለው የጨለለቃ ረግረግ ላስጀምራቸው ነው። የበጋና የክረምቱን ራዳር ያስተያያሉ፣ ከዚያ ቦታው ድረስ እንሄዳለን። ደንገሉ ሥር ውሃ መኖር አለመኖሩን ራሳቸው ያረጋግጡ። ቤይራን የምንከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።

ካርታ ሠሪው
ጥሩ አስበዋል። የሄዱበትን ቀን ሳተላይቱ ከሚያልፍበት ቀን ጋር ያቀራርቡት፤ ውሃው በመሃል ሊሸሽ ይችላል።