ቅዳሜ ጠዋት በቡድን የት እንሩጥ? የአዲስ አበባ መሮጫዎች ጥቆማ

በየሳምንቱ ተሰባስቦ መሮጥ አዲስ አበባ ውስጥ እየተለመደ ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች አሉ፣ የሰፈር ልጆች አሉ፣ ለታላቁ ሩጫ ብለው ጀምረው በዚያው የቀጠሉ ጓደኛሞችም አሉ። የሁሉም ጥያቄ ያው ነው፦ የት ይሻላል?

እኔ ቦታውን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። ከሁሉም ኋላ የሚመጣው ሰው ከፊት ያሉትን እያየ መሮጥ ከቻለ፣ ቦታው ለሳምንታዊ ሩጫ ጥሩ ነው። ለብቻው ወደ ኋላ የቀረ ጀማሪ በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም። ፈጣኖቹ የትም ቢሆን ይሮጣሉ፤ ቡድኑን ቡድን የሚያደርጉት ግን ቀስ ብለው የሚመጡት ናቸው።

በዚህ ሚዛን አንደኛ የማደርገው ጃን ሜዳን ነው። ስድስት ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ከየትም ሰፈር በታክሲ ይደረሳል። መሬቱ ሣርና አፈር ነው፣ ጉልበት አይጎዳም። ሜዳውን እየዞሩ ስለሚሮጡ ፈጣኑ ሁለት ሦስት ዙር ሲደርብ ጀማሪው አንዱን በእርጋታ ይጨርሳል፤ ሁለቱም ግን ከዓይን አይጠፋፉም። የደከመው ዳር ይዞ በእግሩ ይራመዳል፣ ጓደኞቹ ሲደርሱበት እንደገና ይቀላቀላል። ለዓመታት የአገር አቋራጭ ውድድር የተካሄደበት፣ ስንቱ ስመ ጥር አትሌት ጭቃውን የረገጠበት ሜዳ ነው። ለአዲስ ሯጭ ይህን መንገር ብቻውን ጉልበት ይሰጣል።

ችግሩ ሁልጊዜ ክፍት አለመሆኑ ነው። በጥምቀት ሰሞን የታቦታት ማደሪያ ስለሆነ አይታሰብም። ሌላም ዝግጅት ወይም ሥራ ሊኖር ይችላል። አርብ ማታ በዚያ የሚያልፍ አንድ ሰው አይቶ ለቡድኑ ይንገር። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ጫማ ያወልቃል።

ጃን ሜዳ ካልተመቸ መስቀል አደባባይ። በ2013 ዓ.ም. ከታደሰ በኋላም የሯጮች ቦታነቱ አልቀረም። አሯሯጡን ለማያውቅ፦ ከታችኛው ደረጃ ትጀምራላችሁ፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላኛው ጫፍ ትሮጣላችሁ፣ አንድ ደረጃ ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። እንዲህ እየተጠማዘዛችሁ እስከ ላይ ድረስ ነው። ጀማሪው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሳለ ፈጣኑ ከበላዩ ያልፋል፤ ቀና ብሎ ያየዋል፣ “አይዞህ!” ይባላል። ጫፍ ላይ ስትታጠፉ ግን ቀስ በሉ። እዚያ ላይ ወጪና ወራጅ ይገናኛል፣ መጋጨትም አለ።

መሬቱ ጠንካራ ነው። ባረጀ ጫማ ከሮጣችሁበት ቅልጥማችሁ ይነግራችኋል። የመኪናውም ጭስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቀጠሮ ይዛችሁ፣ ከተማው ሳይነሳ ጨርሱ። ለክረምት ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ዝናብ ሲያቆም ወዲያው ይሮጥበታል።

እንጦጦን ሁሉም ሰው ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ከእግር በታች ያለው ለስላሳ አፈር፣ ከላይ ሆኖ ከተማውን ማየት፣ ይሄ ሌላ ቦታ አይገኝም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱም ተመችቷል። ጫካ ውስጥ አትሌቶቹን ተመልከቷቸው። በሰልፍ ነው የሚሮጡት፣ የኋላው የፊተኛውን ዱካ ይረግጣል። ዳገቱን ፊት ለፊት አይጋፈጡትም፣ በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ ነው የሚወጡት። መሪው ድንጋይ ወይም ሥር ሲያይ በእጁ ያሳያል፣ ምልክቱ እየተቀባበለ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል። ይህን ቡድናችሁ ቢለምደው ትልቅ ነገር ነው።

ለየሳምንቱ ግን አልመክረውም። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ መስቀል አደባባይ 2,350 አካባቢ ነው። ያ ልዩነት ለጀማሪ ትንፋሽ ይቆርጣል። ጫካው ደግሞ ሰው ይሰውራል፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይሄድና ቡድኑ ይበተናል። ከሄዳችሁ የመጨረሻውን ሰው የሚጠብቅ አንድ ልምድ ያለው ሯጭ መድቡ። ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት እንጦጦ አትውሰዱት። ለንደን ወይም ዋሽንግተን በለመደው ፍጥነት ልሩጥ ይላል፣ ከፍታው አይፈቅድለትም። መጀመሪያ ከተማ ውስጥ፣ እያወራ መሮጥ በሚችልበት ፍጥነት ይልመድ።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ ነው። ሰፊ ሜዳ፣ ንጹሕ አየር፣ ብርቱ ሯጮች። ለመሄጃው ግን መኪና ማስተባበር ያስፈልጋል፣ ከሩጫው ይልቅ ጉዞው ጊዜ ይበላል። አልፎ አልፎ እንደ ሽርሽር ይሁን። ምግብ ተይዞ፣ ቤተሰብ ተጨምሮ ሲሆን ደስ ይላል።

በኮሪደር ልማቱ የሰፉት የእግረኛ መንገዶችስ? ለሁለትና ለሦስት ሰው ጥሩ ናቸው፣ በተለይ ከሥራ በኋላ ለሚሮጥ። መብራት አለ። ሃያ ሰው ሆኖ መሄድ ግን እግረኛውን ያስጨንቃል። አንዳንዱ ንጣፍ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል።

ስለ ቁርሱም ልበል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው በሚቀጥለው ሳምንት እንዲመለስ ከሩጫው እኩል የሚያደርገው አብሮ መብላት ነው። ጃን ሜዳን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። ስድስት ኪሎ ወረድ ስትሉ ፉሉም ጨጨብሳውም አለ፣ በላብ በራሰ ቱታ ስትገቡም ማንም ክፉ ዓይን አያሳያችሁም።

አዲስ ቡድን ለምትጀምሩ እንዲህ ብታደርጉት እላለሁ። በወር ሦስቱን ቅዳሜ ጃን ሜዳ፣ አንዱን እንጦጦ። ክረምት ሲገባ ጃን ሜዳን በመስቀል አደባባይ ተኩት። ከመስከረም በኋላ ደግሞ ከቅዳሜዎቹ አንዷን ወደ አስፋልት አውጧት፤ ኅዳር ላይ የሚጠብቃችሁ ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ የሚሮጠውም አስፋልት ላይ ነው። ሣር ብቻ የለመደ እግር እዚያ ይቸገራል።