ክርክር፦ የመጨረሻው ቅጽ በአዳራሽ ይቅረብ ወይስ ይቅር?

አወያይ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደራሲዋ ታሻ ሱሪ ባለ ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ ሁለቱን ቅጾች በአዳራሽ ውይይታችን ጨርሰናል። የቀረን እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የመጨረሻው፣ «ዘ ሎተስ ኢምፓየር» ነው። ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ ልንገራችሁ። ታሪኩ የሕንድን የጥንት ታሪክ መነሻ ባደረገ ምናባዊ ዓለም ይካሄዳል። ማሊኒ የንጉሠ ነገሥቱ እህት ናት፤ ወንድሟ በእሳት ተቃጥላ መሥዋዕት እንድትሆን ሲያዝዛት እምቢ ስላለች በፈራረሰ ቤተ መቅደስ ትታሰራለች። ፕሪያ እዚያ የምታገለግላት ገረድ ናት። ሁለቱ ሴቶች ይፋቀራሉ። በሁለተኛው ቅጽ መጨረሻ ግን ፕሪያ ማሊኒን ወግታት ይለያያሉ። በፍቅሩ ምክንያት ሦስተኛው ቅጽ በአዳራሽ አይቅረብ ያሉ አባላት አሉ። ሐሳባችሁን ስጡ።

መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦
አይቅረብ ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። መጽሐፍ ፈርቼ አይደለም፤ ሁለቱንም ቅጽ ከእናንተ ጋር አንብቤአለሁ። ልብ ወለድ ግን አእምሮን ሳያስፈቅድ ልብ ውስጥ ይገባል። ደራሲዋ የሁለቱን ሴቶች መታረቅ እንድመኝ አድርጋ ነው የጻፈችው፤ ጎበዝ ስለሆነችም ይሳካላታል። ሃይማኖቴ ኃጢአት የሚለውን ነገር፣ የማስተምራቸው የአሥረኛ ክፍል ልጆች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው «ምነው በታረቁ» እያልኩ ላወያይበት አልችልም። በቤቱ የሚያነብ ያንብብ። አዳራሹ ግን የሕዝብ ነው።

የሕግ ተመራቂ (ባሕር ዳር)፦
መጽሐፉን ማቅረብ «ሕገ ወጥ ነው» የሚል ካለ፣ ሕጉ እንዳይምታታብን ብዬ ነው የገባሁት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚቀጣው በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊትን ነው። ሁለት ሰዎች የሚፋቀሩበትን ልብ ወለድ አንብቦ ስለ አጻጻፉ መነጋገር ሌላ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ደንግጎ ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፤ ወጣቶችን ለመጠበቅ ሲባል ገደብ ሊደረግ እንደሚችልም እዚያው ይላል። ስለዚህ የመምህር የተማሪዎች ስጋት መሠረት አለው። «ሕገ ወጥ ነው» የሚለው ግን አያስኬድም።

አንባቢ (ፍኖተ ሰላም)፦
መምህር፣ ልብ ወለድ ሳያስፈቅድ ይገባል ያሉትን እቀበላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የምንለያየው።

መጀመሪያ ግን «ፍቅሩን እንዝለልና የቀረውን እንወያይ» ለሚሉት መልስ ልስጥ። የማሊኒ መንግሥት የቆመው በጥንት ዘመን ራሳቸውን በእሳት በሠዉ ሴቶች ላይ ነው፤ ካህናቱም ከእሷ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ፕሪያ ደግሞ ለቤተ መቅደስ የተሰጠች ልጅ ነበረች፤ አብረዋት ያደጉት በእሳት አልቀዋል፤ የሕዝቧ አማልክት ሲመለሱም ታዛዥነቷን ይጠይቋታል። ሁለቱም ሌላ ሰው የተሳላቸው ስለቶች ናቸው። ለራሳቸው የመረጡት አንድ ነገር ቢኖር እርስ በርስ መፈላለጋቸውን ነው። ፕሪያ ማሊኒን ስትወጋት አንጀት የሚቆርጠው ለዚህ ነው። ፍቅሩን አውጡትና የሚቀረው ሁለት ሠራዊት ብቻ ነው፤ ለሱማ ሦስት ቅጽ ምን ያደርጋል?

እኔ ይህን ሳነብ የመጣብኝ በዛብህ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ጎጃም ውስጥ ማን ያላወቀው አለ? ያላነበቡት እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው አልቅሰዋል። በዛብህ እናቱ ተስላ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠችው የብፅዓት ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ ዘር የሚቆጥሩላት። ሐዲስ ዓለማየሁ ሰብለን ከአባቷ ቤት ሲያስወጧት፣ ልጃገረድ ሁሉ ከቤቷ ትጥፋ ብለው አልመከሩም፤ እኛም ምክር ነው ብለን አላነበብነውም። ስለት፣ ዘርና ፍቅር ሲጋጩ ሰው ምን እንደሚሆን አየንበት። የመጨረሻው ቅጽም በዚሁ ሊመዘን ይገባል፤ ደራሲዋ ከሁለቱ ሴቶች የምትጠይቀው ዋጋ ከታሪኩ የመጣ ነው ወይስ ለማሳረጊያ የተለጠፈ? ይህን አዳራሽ ውስጥ ካልተወያየንበት የት እንወያይበታለን?

መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦
ወንድሜ፣ በአንድ ሚዛን አታስቀምጣቸው። በዛብህና ሰብለ ፊታውራሪ እሺ ቢሉና ስለቱ ባይኖር በተክሊል ሊጋቡ የሚችሉ ነበሩ። አንባቢው የሚያለቅሰው መሆን የሚገባው ስላልሆነ ነው። የነዚህኞቹን ግን መሆን ይገባው ነበር እንድል ነው የምትጠይቁኝ።

አንባቢ (ፍኖተ ሰላም)፦
ልዩነቱን አልክድም። እርስዎን «ይገባው ነበር» በሉ የሚልዎት ግን የለም። አዳራሹ ውስጥ ተነሥተው አሁን ያሉትን ይበሉ፤ ከእኔ ወዲያ በጥሞና የሚያዳምጥዎት አያገኙም። መጽሐፉ ከቀረ ግን የእርስዎም መልስ አብሮ ይቀራል።

ጤና ባለሙያ (ደምበጫ)፦
ሁላችሁም ፍቅሩ ላይ ቀራችሁ፤ እኔን ከመጀመሪያው ቅጽ የያዘኝ ሩክ ነው። በበሽታው ምክንያት ከገላው ቅጠል የሚበቅልበት፣ ሰው የሚሸሸው ልጅ። ፕሪያ ስትቀርበው ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እኛ አካባቢ ዝሆኔ የያዘውን ሰው እናውቀዋለን። ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣ፣ ጫማና የእግር ንጽሕና የሚከላከሉት በሽታ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እንዲያም ሆኖ ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ እግሩን በጋቢው ሸፍኖ የሚቀመጥ አለ፤ የቤተሰቡን ልጅ አናገባም የሚልም አለ። ይህ መጽሐፍ ከአዳራሽ ከወጣ ሩክም አብሮ ይወጣል። ለእኔ ትልቁ ኪሳራ እሱ ነው።

አንባቢ (ቡሬ)፦
እኔ የምለው ሌላ ነው። ቅጹ ይቅረብም አይቅረብም፣ አነጋገራችን ይታረም። በሁለተኛው ቅጽ ውይይት ላይ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «እንዲህ ያሉትን ማቃጠል ነበር» ብሎ ብዙ ሰው ሳቀ። ያውም ሴት ልጅ በእሳት እንድትቃጠል የታዘዘችበትን መጽሐፍ ይዘን! እኔ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ ቆየችና ሳንጨርስ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ለምን እንደወጣች አልጠየቅኳትም፤ የሚጠየቅም አይደለም። መምህር፣ እርስዎ በዚያ ቀን አልሳቁም፤ አይቻለሁ። ስለዚህ ነው ለእርስዎ የምጽፈው። ኃጢአት ነው ማለት የእርስዎ መብት ነው፤ ሰው ይቃጠል ማለት ግን የማንም መብት አይደለም።

መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦
እውነትሽን ነው እህቴ። ያ ንግግር አሳፍሮኝ ነበር፤ ያን ጊዜ መናገር ነበረብን።

አወያይ (ደብረ ማርቆስ)፦
እንግዲያውስ እንዲህ ብናደርግስ? ከ18 ዓመት በታች ያሉ አይጠሩም። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ክልክል ነው። ሰውን የሚያዋርድ ቃል የተናገረ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከአዳራሹ ይወጣል። መጽሐፉ ግን ሳይቆራረጥ ይቀርባል።

አንባቢ (ቡሬ)፦
የመጨረሻው ደንብ በር ላይ ይለጠፍ። ልጅቷን እኔ እጠራታለሁ።

መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦
በዚህ ደንብ ከሆነ አልቃወምም፤ እኔ ግን አልገኝም። መጽሐፉን አንብቤ ስለ ፍጻሜው ያለኝን በጽሑፍ እልካለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሙሉው ይነበብልኝ፣ አንድ መስመር እንዳይወጣበት።