በገጠር የሴቶችና የወጣቶች ትምህርት ከምን ይጀመር?

ጥያቄ
በጎንደር ዙሪያ በአንድ የገጠር ቀበሌ ለእናቶችና ትምህርት ላቋረጡ ወጣቶች የማታ ትምህርት ለመክፈት እየተዘጋጀን ነው። ፊደል በማስቆጠር እንጀምር ወይስ ስለ ጤናና ስለ መብት በመወያየት? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን እናመሰግናለን።

መልስ 1
በውይይት ጀምሩ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 በሴኔጋል የተመሠረተው ቶስታን የተባለ ግብረ ሰናይ ድርጅት በየአካባቢው ቋንቋ በሚሰጠው ትምህርት ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ጤና መወያየትን አስቀድሞ ንባብንና ስሌትን ያስከትላል፤ ሴቶች በጉባኤ መናገርን ከለመዱ በኋላ ፊደሉን የሚፈልጉት ራሳቸው ናቸው።

መልስ 2
ከዚሁ ከክልላችን መማር ይቻላል። በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተሞከረው ብርሃነ ሔዋን የተባለ ፕሮግራም ልጃገረዶችን በሴት አማካሪዎች እየደገፈ፣ ላላገቡት የትምህርት መሣሪያ እየሰጠና ማኅበረሰቡን ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ እያወያየ፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ወላጆች የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር። ወላጅን ያላሳተፈ ትምህርት ልጅቷን ብቻዋን ከቤተሰቧ ጋር ያጋጫታል፤ ይህ እጅግ ያሳስበኛል።

መልስ 3
እኅቴ፣ ሰዓቱን እንደገና አስቡበት። ሴቶች ከመሸ በኋላ ርቀው መሄድ ይቸገራሉ፤ እርሻ በማይታረስባቸው የበዓላት ቀናት፣ ከቅዳሴ በኋላ ብታደርጉትና ሕፃናትን የሚጠብቅ ሰው ብትመድቡ ብዙዎች ይመጣሉ።